ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የተረከዝ ጅማታችሁ ለሚይዛችሁ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ ስፖርት ከሀ እስከ ፐ

ጎንደር እየኖረ እግሩን አሞት የማያውቅ ሰው አለ ብትሉኝ አላምንም፣ ከተማው ራሱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ መሀሉ ኮብልስቶን። ዛሬ የማወራው ግን ስለ አንዲት ቦታ ነው፣ ከባት ወርዶ ተረከዝ አጥንት ላይ ስለሚጣበቀው ወፍራም ጅማት፣ አኪለስ ስለሚሉት። ጣታችሁን ተረከዛችሁ ኋላ አድርጉና ወደ ላይ ዳስሱ፣ እንደ ገመድ ጠንከር ብሎ የሚዳሰሰው እሱ ነው።

የኔ የጀመረው ጎሃ ዳገት ላይ ነው። ስፖርት ሠርቼ የማላውቅ ሰውዬ ተነስቼ በሳምንት 5 ቀን ዳገቱን መሮጥ፣ ያውም ተረከዙ ባለቀ ሸራ ጫማ። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሽንት ቤት እስክደርስ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዤ ሆነ፣ ከዛ ይሞቅና ለቀቅ ያደርገኛል፣ ስለለቀቀኝ ደግሞ ተመልሼ ወደ ዳገቱ። ይቺ "ሲሞቅ ይለቀኛል" የምትባል ነገር ናት ስንቱን ሰው የበላችው። ከዛ ሰው ወጌሻ ጋ ወሰደኝ፣ "ልጄ፣ ጅማትህ ዞሯል" ብለው ቅቤ ቀብተው ያንኑ የሚያመውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ኮከብ አየሁ፣ ሦስት ቀን መርገጥ አቃተኝ። (ወጌሻ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም፣ ባት ማሸት ደስ ይላል፣ የታመመውን ጅማት ራሱን በኃይል መጫን ግን ምንም አይጠቅመውም።) ቀጥሎ 2 ወር ሙሉ ዕረፍት ወሰድኩ፣ ሕመሙ ጥፍት አለ፣ ደስ ብሎኝ አንድ ቀን ኳስ ገባሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ያው ሽማግሌ።

በኋላ ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት ናት ነገሩን የገለጠችልኝ። ጅማት በዕረፍት ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ አይጠነክርም፣ እንዲያውም ሥራ ሲያጣ ይብስ ይደክማል፣ ስለዚህ ተመልሳችሁ ዳገት ስትወጡ የምትጭኑበት የበፊቱ ክብደት ነው፣ ተሸካሚው ግን ከበፊቱ የደከመ ነው። ስትሮጡ ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነታችሁ ክብደት 6 እጥፍ በላይ ነው፣ 60 ኪሎ ሰው ከሆናችሁ ሦስት ኩንታል ተኩል አለፈ ማለት ነው። ይሄን የሚችል ጅማት ደግሞ የሚሠራው ቀስ እያሉ በመጫን ነው። ሌላው መንገድ ሁሉ፣ ዳይክሎፌናኩም ቅባቱም፣ ሕመሙን ለጊዜው ዝም ያሰኝ ይሆናል እንጂ ጅማቱን አይሠራውም።

መጀመሪያ ግን ይሄን ቼክ አርጉ

ጅማቱ የተበጠሰ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለናንተ አይደለም። የተበጠሰበት ሰው ሁሉ የሚናገረው ይመሳሰላል፣ እየሮጠ ወይ ኳስ እየተጫወተ ድንገት "ጧ" ይልበታል፣ ከኋላ ሰው በእርግጫ ያለው ይመስለውና ዞር ሲል ማንም የለም፣ ከዛ በኋላ በዛ እግር ጣት መቆም የለም። ፍተሻው ቀላል ነው፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ እግራችሁ ከአልጋው ጠርዝ ውጪ ይንጠልጠል፣ ሌላ ሰው ባታችሁን በእጁ ጨመቅ ያድርገው። ጤነኛ ከሆነ ውስጥ እግራችሁ ሳታዙት ራሱ ወደ ታች ገፋ ይላል፣ ንቅንቅ ካላለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጣችሁ መጥታችሁ አንድ ባታችሁ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመማችሁ ጅማት ነው ብላችሁ ስፖርት እንዳትጀምሩ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዩ። ቦታው ቀልቶ ትኩሳት ካላችሁ ወይም ሁለቱም ተረከዛችሁ አብሮ ከወገባችሁ ጋር ጠዋት ጠዋት ለረጅም ሰዓት ከያዛችሁም እንዲሁ ሐኪም ይያችሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሲፕሮ። እዚህ አገር ታይፎይድ ነው ተብሎም ሆድ አመመኝ ተብሎም የሚዋጠው ሲፕሮፍሎክሳሲንና የሱ ዘመዶች የሆኑ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ሊጎዱ፣ አንዳንዴም ሊያስበጥሱ ይችላሉ፣ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰውና ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ። ሕመሙ የጀመራችሁ እሱን እየወሰዳችሁ ወይ ከወሰዳችሁ በኋላ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ በራሳችሁ ከፋርማሲ እየገዛችሁ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ተዉት።

የት ጋ ነው የሚያመው?

ጅማቱን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ እያረጋችሁ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ከተረከዝ አጥንቱ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ካመማችሁ (ብዙ ጊዜ እዛ ጋ ወፈር ብሎ እንደ ቋጠሮ ይዳሰሳል) የመሀሉ ነው። ልክ አጥንቱ ላይ፣ ጫማ የሚፈትጋችሁ ቦታ ላይ ካመማችሁ የሥሩ ነው። ይሄን ለዩ፣ ምክንያቱም ወደ በኋላ ላይ ደረጃ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ነገር አለ፣ የመሀሉ ሰው ተረከዙን ከደረጃው በታች ያወርዳል፣ የሥሩ ሰው ግን አያወርድም፣ ከመሬት እኩል ሲሆን ይቆማል። ተረከዝ ወደ ታች ሲወርድ ጅማቱ ሥሩ ጋ አጥንቱ ላይ ይጫናል፣ እዛ ለታመመ ሰው ያ መጫን ነው የሚያባብሰው።

ዳኛው ነገ ጠዋት ነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። ስፖርቱን ስትሠሩ ማመሙ ችግር የለውም። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፣ 0 ምንም፣ 10 የማይቻል፣ እስከ 5 ድረስ ከሆነ ሥሩ። ግን ፍርዱ የሚሰጠው ያኔ አይደለም፣ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ላይ ነው። ትናንት ጠዋት 3 ከነበረ ዛሬም 3 ወይ 2 ከሆነ የትናንቱ ሥራ ልክ ነበር። 5 ከሆነ አብዝታችኋል፣ ስፖርቱን ሙሉ በሙሉ አታቁሙ፣ ከትናንቱ ቀንሱለት። እኔ አልጋዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካላንደር ሰቅዬ ጠዋት ጠዋት ቁጥር እጽፍበት ነበር፣ ሳይጻፍ ከቀረ ሰው ራሱን ይዋሻል፣ እኔ ዋሽቻለሁ።

አሁን ወደ ሥራው

ጠዋት ከያዛችሁና ስትረግጡም በደንብ ከሚያማችሁ ለመጀመሪያዎቹ 1 ወይ 2 ሳምንታት ከማንሳት ማውረዱ በፊት ቆሞ መያዝ ብቻ ይሠራል። ግድግዳ በእጃችሁ ነካ አርጉ፣ በሁለት እግር ጣት ቁሙ፣ ተረከዛችሁ ግማሽ ድረስ ከፍ ይበል፣ እዛው 45 ሰከንድ ያዙት። ውረዱ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አረፍ በሉ፣ እንዲህ 5 ጊዜ፣ በየቀኑ። ባታችሁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ትክክል ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ሠርቶ ሕመሙ ወዲያው ቀለል ይልለታል፣ ለሁሉም ሰው ግን አይደለም።

ቀጥሎ ማንሳትና ማውረድ። ጠፍጣፋ ወለል ላይ በሁለት እግር ቁሙ፣ ጉልበት ቀጥ፣ 3 ሰከንድ እየቆጠራችሁ ወደ ላይ፣ ጫፍ ላይ ቆም፣ 3 ሰከንድ ወደ ታች። ቀስ ማለቱ ነው መድኃኒቱ፣ እንደ ዝላይ ቶሎ ቶሎ የምትሠሩት ከሆነ ባትሠሩት ይሻላል። 15 ጊዜ አንድ ዙር፣ 3 ዙር። ቁጥሩ እንዳይጠፋባችሁ እናቶቻችን ጸሎት እንደሚቆጥሩት በጣት አንጓ ቁጠሩ፣ 5 ጣት በ3 አንጓ 15 ይመጣል፣ አውራ ጣት 2 ነው የምትሉ ሥሩን ጨምሩ። ሌላው፣ ስትነሱ ክብደታችሁ በአውራ ጣታችሁና በሁለተኛው ጣት በኩል ይሁን፣ ቁርጭምጭሚታችሁ ወደ ውጪ እንዳይጠመዘዝ። ራሳችሁን በስልክ ከኋላ ቪዲዮ ብትቀርጹ ወዲያው ይታያችኋል፣ እኔ የታመመው እግሬ ላይ ሳልጭን ሁሉን ነገር ደህነኛው እንደሚሠራው ያወቅኩት በቪዲዮ ነው።

3 ዙር በ15 ያለችግር ከሠራችሁና ጠዋት ካልጨመረ በሁለት እግር ተነስታችሁ በታመመው ብቻ ውረዱ። እሱም ሲቀላችሁ በአንድ እግር ውጡም ውረዱም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ደህነኛው 20 ሲሠራ የታመመው 6 ላይ ቀጥ ይላል። አትደንግጡ፣ 6 ከሆነ በ6 ጀምሩ።

ደረጃው

የኛ ግቢ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ አለው፣ ሁለተኛዋ ላይ ግድግዳ ይዤ በጣቴ ቆሜ ተረከዜን ወደ ታች ሳወርድ የጎረቤታችን እትዬ ውሃ ሊቀዱ ሲያልፉ "ምነው ልጄ፣ ግድግዳውን ልትገፋው ነው?" ይሉኝ ነበር፣ በኋላ እሳቸውም ጀመሩት፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የእግራችሁ ፊተኛው ግማሽ ደረጃው ላይ፣ ተረከዝ አየር ላይ። በደህናው እግር ታግዛችሁ በጣት ትነሳላችሁ፣ ደህናውን ታነሱታላችሁ፣ በታመመው ብቻ ቀስ እያላችሁ ተረከዙን ከደረጃው በታች እስኪወርድ ታወርዳላችሁ። 3 ዙር በ15 ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 3 ዙር በ15 ደግሞ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ። ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ከላይኛው የባት ጡንቻ ወደ ውስጠኛው ይዞራል፣ ሁለቱም እዚሁ ጅማት ላይ ነው የሚገቡት። ጠርዙ የማያንሸራትት መሆኑን እዩ፣ ክረምት ላይ በሲሊፐር እንዳትሠሩ።

ይሄን መንገድ ያወጣው ሃካን አልፍሬድሰን የሚባል የስዊድን ሐኪም ነው፣ ታሪኩ ያስቃል። ራሱ ሯጭ ነው፣ ጅማቱን አሞት አለቃውን ኦፕራሲዮን አድርገኝ ቢለው እምቢ አለው። እሱም እንግዲያው አብሼው ኦፕራሲዮን የግድ አስደርገዋለሁ ብሎ ያመመውን እግር በየቀኑ ይጭንበት ጀመር፣ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጥናት ላይ 15 ለራሳቸው የሚሮጡ ሰዎች 12 ሳምንት ይሄን ሠርተው ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። የሱ መጠን በቀን 2 ጊዜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ነው፣ በቀን 180 ማውረድ ማለት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ 180 በቀን እኔ 9 ቀን ነው የቻልኩት። ሥራ ያለው፣ ልጅ ያለው ሰው አይዘልቀውም። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ዴንማርኮች ይሄን ከሌላ ዘዴ ጋር አወዳድረው ነበር፣ በሳምንት 3 ቀን ብቻ፣ ግን ከበድ ባለ ክብደት፣ በጣም በቀስታ። ሁለቱም እኩል ሠሩ። ስለዚህ ለኔ ብጤ ሰነፍ ሁለተኛው ይሻላል ብዬ ወደዛው ገባሁ፣ እስካሁንም ለሰው የምመክረው እሱን ነው።

ጂም የሌለው ሰው ክብደት ከየት ያመጣል? ከቤቱ። የተማሪ ቦርሳ ውስጥ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንዱ 2 ኪሎ ነው፣ ሁለት ሦስት እያላችሁ ጨምሩ፣ ጀርባችሁ ላይ አዝላችሁ ደረጃው ላይ በአንድ እግር ውጡ ውረዱ። ለታጠፈው ጉልበት ደግሞ ወንበር ላይ ተቀመጡና በውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጭናችሁ ላይ፣ ጉልበታችሁ ጋ ጠጋ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ወይ ፎጣ ይግባ፣ ተረከዛችሁን አንሱ አውርዱ። ውሃ ስለሚጠፋ ሞልቶ የተቀመጠ ጀሪካን የሌለው የጎንደር ቤት የለም መቼም። በ15 ጀምሩ፣ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ብዛቱ ይቀንሳል፣ ከሳምንታት በኋላ 8 ወይ 6 ብቻ የምትችሉት ክብደት ላይ ትደርሳላችሁ፣ 3 ወይ 4 ዙር፣ በዙር መሀል 2 ደቂቃ እረፍት። አንድ ቀን ሠርታችሁ አንድ ቀን ዝለሉ።

ወደ ሩጫ መመለስ

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንወድቀው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ተሠራ ማለት አይደለም። ግማሽ ሰዓት በፍጥነት ተራምዳችሁ ጠዋት ካልያዛችሁ፣ በታመመው እግር ብቻ ወደ 20 ጊዜ በጣት መነሳት ከቻላችሁ ያኔ ዝላይ ጀምሩ፣ ገመድ ዝላይ በሁለት እግር፣ 20 ሰከንድ፣ ጥቂት ዙር። ይሄ ከተስማማችሁ 1 ደቂቃ ሩጫ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ። ሜዳ ላይ ወይ አዘዞ በኩል ለጥ ያለውን ፈልጉ፣ ዳገት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለት ቀን አከታትላችሁ አትሩጡ፣ ጅማት ከሩጫ ለማገገም አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በሳምንት ርቀቱን ወይ ፍጥነቱን አንዱን ብቻ ጨምሩ። ኳስ ተጫዋቾች ደግሞ፣ የፋሲል ከነማን ማሊያ ለብሳችሁ ከሥራ መልስ ሳታሟሙቁ የምትገቡ ታውቃላችሁ እናንተ፣ ድንገት መነሳትና መዞር ከቀጥታ ሩጫ የባሰ ነው፣ ከሩጫው ቢያንስ ጥቂት ሳምንት አዘግዩት።

ስፖርቱ በቀን 20 ደቂቃ ነው፣ ቀሪው ሰዓት ግን

ጫማ። ሲሊፐርና ለጥ ያለ ሸራ ለጊዜው ይቅር፣ ተረከዙ ትንሽ ከፍ ያለ ስኒከር አድርጉ። ከወፍራም ሶል ወይ ከአሮጌ ጫማ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቆርጣችሁ ሁለቱም ጫማ ተረከዝ ሥር ብታስገቡ ይቀላችኋል፣ በተለይ የሥሩ ሕመም ያለባችሁ። ፒያሳ የሚቀመጡት ጫማ ሰፊዎች በደቂቃ ይቆርጡላችኋል።

መንገድ። ብዙ ሰው ሲያመው በባጃጅ ወርዶ በእግሩ ይወጣል፣ ገልብጡት፣ ዳገቱን በባጃጅ፣ ቁልቁለቱን በእግር። ዳገት ላይ ተረከዝ እየወረደ ነው የምትገፉት።

ባት መሳሳብ፣ ስትሬች የሚሉት፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ነው፣ የሥሩ ሕመም ላለበት ሰው ግን ያባብሳል፣ ለመሀሉም ቢሆን ከማንሳትና ማውረዱ የሚያስቀድመው የለም።

ስግደት። ይሄን ሐኪሞቹ አይጠይቋችሁም። ሰሞነ ሕማማት ላይ ከወደቃችሁበት ስትነሱ በባዶ እግር፣ በጣት ግፊት፣ ቁርጭምጭሚት እስከመጨረሻው ታጥፎ ነው፣ ያው ደረጃው ላይ የምንሠራውን ሳንለማመድ መቶ ጊዜ ደጋግሞ መሥራት ማለት ነው። እኔን የዛን ሰሞን ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ መልሶኛል። የነፍስ አባቴን አማክሬ ቆሜ ጎንበስ እያልኩ ነው የጨረስኩት። ሙስሊም ወንድሞቼም ከሱጁድ ስትነሱ ሁለት እጃችሁን ተደግፋችሁ ብትነሱ ጅማቱ ላይ ይቀላል። ጥምቀት ላይ ታቦት አጅባችሁ የምትሄዱ ደግሞ ያን ቀን ስፖርቱን ዝለሉት፣ መንገዱ ይበቃችኋል።

መርፌ እንውጋችሁ ከተባላችሁ ምን መርፌ እንደሆነ ጠይቁ። ኮርቲዞን ለጥቂት ሳምንት ሕመሙን ጸጥ ያደርገው ይሆናል፣ ጅማቱን ግን ሊያደክምና ሊያስበጥስ ይችላል፣ በተለይ ቀጥታ ጅማቱ ውስጥ ከተወጋ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለምትሉኝ፣ 12 ሳምንት ብላችሁ ተነሱ፣ ዓመት ሙሉ ታሞ ለቆየ ሰው ከ6 ወር በላይም ሊወስድ ይችላል። እኔ በአምስተኛው ወር ነው ጎሃን ሳላቆም የወጣሁት፣ አሁንም በሳምንት 2 ቀን ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። 12 ሳምንት በደንብ ሠርታችሁ የጠዋቱ ቁጥር ንቅንቅ ካላለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል አለው፣ ሄዳችሁ ታዩ፣ ስትሄዱ ካላንደሩን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ጠዋት እንዴት ነህ፣ ጠዋት እንዴት ነሽ ነው መጀመሪያ የሚሏችሁ።